የአሮጌ የጦር መኪና ካምቢዮ ሲታመም፦ ሳይፈቱ ችግሩን መለየት

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ፤ የምርት ማጓጓዝ ክፍል

ይህ ትምህርት በምሥራቅ ጎጃም፣ በተለይም በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ለምትገኙ፣ ጤፍና ስንዴያችሁን በራሳችሁ መኪና ወይም በማኅበር በተገዛ መኪና ለምታጓጉዙ ተዘጋጀ። ከእናንተ መካከል መኪና የሌለው ቢኖርም ምርቱን የሚጭንበትን መኪና ሁኔታ ማወቅ ይጠቅመዋል፤ ሃምሳ ኩንታል ጤፍ የሰው መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ መኪናው የባለቤቱ ብቻ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል።

ትምህርቱ መካኒክ አያደርጋችሁም። ካምቢዮ መፍታትና መግጠም የባለሙያ ሥራ ነው። እዚህ የምንማረው ከዚያ በፊት ያለውን ነው፦ ችግሩ ከፍሪሲዮን ነው፣ ከካምቢዮ ነው፣ ከትራንስፈር ነው ወይስ ከካርዳን? ይህን ሳይለዩ ጋራዥ የገቡ ብዙዎች ካምቢዮ አስወርደው፣ የሁለት ሳምንት ገበያ አምልጧቸው፣ በመጨረሻ የፍሪሲዮን ፔዳል ማስተካከል ብቻ ይበቃ እንደነበር ይነገራቸዋል። ሁለተኛው ጉዳይ ከገንዘብም ይከብዳል፤ የትኛው ብልሽት መኪናውን ወደ ዓባይ እንዳይወርድ ሊያስከለክል እንደሚገባ ማወቅ ነው።

የዓባይ ቁልቁለት ለምን ተለየ

ከሞጣ ወይም ከቢቸና ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ደጀን ሲደርስ ሌላ ምርጫ የለውም፤ ወደ ወንዙ መውረድ አለበት። ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ከተሻገረ በኋላ ወደ ጎሐ ጽዮን ያንኑ ያህል ይወጣል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ የተመረቀው አዲሱ ድልድይ መሻገሩን አቀለለ እንጂ ቁልቁለቱን አላሳጠረም።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ባዶው 8 ቶን የሚመዝን ኡራል 5 ቶን ሲጫን 13 ቶን ይሆናል። ይህ ክብደት 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ቢሆን፣ ሁለት ባለ 200 ሊትር በርሜል ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሙቀቱ አንድ ቦታ መሄድ አለበት። መኪናው በከባድ ማርሽ ተይዞ ከወረደ አብዛኛውን ሞተሩ ይቀበለዋል፤ በራዲያተርና በጭስ ማውጫ በኩልም ይወጣል። ማርሹ ከተፋ ግን ሁሉም ወደ ፍሬን ይዞራል። የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዙን ይቀንሳል፤ ሾፌሩ ፔዳሉን አጥብቆ እየረገጠም መኪናው ይፈጥናል። ስለዚህ በሜዳ ላይ «ማርሹ አንዳንዴ ይተፋል» ተብሎ በቸልታ የሚታለፍ ችግር ደጀን ላይ የነፍስ ጉዳይ ይሆናል።

ስለ መኪናዎቹና ስለ ስማቸው

የጋራዥ ቋንቋችን አብዛኛው ጣሊያንኛ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፎሌ፣ ኩሽኔታ፣ ክሮቸራ፣ ሞላ፤ ሁሉም አዛውንት ሾፌሮች ትሬንታ ኳትሮ የሚሉትን ፊያት ከመሳሰሉ፣ በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ከጣሊያን ጦር ጋር ከገቡ የጭነት መኪኖች ጋር ሰንብተው የቀሩ ስሞች ናቸው። መኪኖቹ አለቁ፣ ቃላቱ ቀሩ። ዛሬ «አሮጌ የጦር መኪና» ስንል ግን በብዛት የምናስበው ከ1970 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ከሶቪየት ኅብረት የመጡትን ኡራልና ዚል ነው። ከምሥራቅ ጀርመን የመጣውን ኢፋም መጨመር ይቻላል፤ ከዚህ በታች የምንለው ስለ ፍሪሲዮንና ስለ ካምቢዮ የተጻፈው ለእሱም ይሠራል።

ኡራልና ዚል ከተራ የጭነት መኪና የሚለዩበት አንድ ነገር አለ። ከካምቢዮው በስተኋላ ትራንስፈር የሚባል ሁለተኛ ሳጥን አላቸው። ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው እሱ ነው፤ ቀላልና ከባድ (ሪዱታ) የሚባሉ ሁለት ማርሾች፣ በመካከላቸውም ፎሌ አለው። ስለዚህ ሾፌሩ ፊት ከአንድ በላይ ዘንግ ይቆማል። ብዙ የምርመራ ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ትራንስፈሩ አጥፍቶ ካምቢዮው ይወቀሳል።

ሌላው ልዩነት የሲንክሮ ጉዳይ ነው። ሲንክሮ የሁለቱን ማርሾች ፍጥነት አስተካክሎ ሳይጋጩ እንዲገቡ የሚያደርግ ቀለበት ነው። በዚል 131 እና በኡራል ከሁለተኛ እስከ አምስተኛ ማርሽ ሲንክሮ አለ፤ አንደኛና የኋላ ማርሽ ግን የላቸውም። የቆየው ዚል 157 በአንዱም ማርሽ ሲንክሮ የለውም። በሲንክሮ አልባ መኪና ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ መርገጥ ግዴታ ነው፦ ረግጦ ወደ ፎሌ፣ ፔዳሉን መልቀቅ፣ ወደ ታች ማርሽ ሲቀየር ትንሽ ነዳጅ መስጠት፣ እንደገና ረግጦ ማስገባት። ስለዚህ በዚል 157 ላይ ማርሽ ቢያፋጭ መጀመሪያ የሚመረመረው ሾፌሩ ነው። አይሱዙ ሲነዳ የኖረ ጎልማሳ ዚል ላይ ወጥቶ «ካምቢዮው አልቋል» ቢላችሁ ቶሎ አትመኑት።

ከምርመራ በፊት፦ ታኮ

ምርመራ የሚደረገው በደልዳላ ሜዳ ላይ ነው። ከፊትና ከኋላ ጎማ ሥር ጠንካራ ታኮ ጣሉ። ይህን የምንለው ለወጉ አይደለም። በኡራልና በዚል 131 የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከትራንስፈሩ የሚወጣውን ዘንግ ነው። ወደ ኋላ የሚሄደው ካርዳን ከተፈታ ወይም ክሮቸራው ከተሰበረ የእጅ ፍሬኑ እስከ ጫፍ ተስቦም መኪናው ሊንከባለል ይችላል። ረዳቱ ከሥር ተኝቶ ካርዳን ሲፈታ «ፍሬን ተይዟል» ብሎ መተማመን ሰው ያስገድላል።

ቆሞ መስማት

ሞተሩን አስነሡ፤ ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጉ፤ ፍሪሲዮኑን አትርገጡ። ጋቢናው ውስጥ አንድ ሰው ይቀመጥ፣ ሌላው ከመኪናው ጎን ቆሞ ያዳምጥ። ከዚያ ፔዳሉ ቀስ ተብሎ እስከ መጨረሻው ይረገጥ፣ ይቆይ፣ ይለቀቅ። ይህን ሦስት አራት ጊዜ ድገሙት።

ፔዳሉ ሲለቀቅ የሚሰማ፣ ሲረገጥ ግን የሚጠፋ የመፍጨት ወይም የማጉረምረም ድምፅ ከካምቢዮው ውስጥ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፎሌ ላይ ሆኖ ፔዳሉ ሲለቀቅ ከሞተር ጉልበት የሚቀበለው ዘንግና ከሥሩ ያለው የታች ዘንግ ይዞራሉ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ይቆማሉ። ከመዞር ጋር የመጣና ከመቆም ጋር የሄደ ድምፅ የእነሱ ኩሽኔታ ነው።

በተቃራኒው ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጀምርና ሲለቀቅ የሚጠፋ ጩኸት የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው፤ ካምቢዮው ንጹሕ ነው። ይህንን ለመቀየር ካምቢዮው መነሣቱ ባይቀርም ውስጡን መፍታት ግን አያስፈልግም። ለመካኒኩ ይህን ለይታችሁ ከነገራችሁት የሥራው ዋጋም ቀኑም ይለያል።

ፔዳሉ ቢረገጥም ቢለቀቅም የማይለወጥ ድምፅ ከሞተሩ ወይም ከተለቀቀ ክዳን ሊሆን ስለሚችል ፍለጋውን ወደዚያ አዙሩት።

ማርሽ አልገባ ሲል

ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም ማርሾች በቀላሉ ከገቡ፣ ሞተሩ ሲነሣ ግን ካስቸገሩ፣ ጥርጣሬው ፍሪሲዮን ላይ ነው። ፔዳሉ ተረግጦም ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለይም፤ ስለዚህ ዘንጉ መዞሩን አያቆምም። ማረጋገጫው ይኸው፦ ፎሌ ላይ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ እስከ አሥር ቁጠሩና የኋላ ማርሽ አስገቡ። ከተቆጠረ በኋላ ያለ ድምፅ ከገባ ፍሪሲዮኑ ይለያል፤ ሾፌሩ መታገሥ ነው የሚያስፈልገው። አሥር ተቆጥሮም ካፋጨ ፍሪሲዮኑ አልለየም። የፔዳሉ ነጻ ጉዞ ከልክ በላይ ሰፍቶ፣ ማገናኛው ተበልቶ፣ በዘይት የሚሠራ ከሆነ አየር ገብቶበት ወይም ሳሕኑ ተጣሞ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በመፍቻና በትዕግሥት ማስተካከል ይቻላል።

ሞተሩ ጠፍቶም ማርሹ የማይገባ ከሆነ ነገሩ ከዘንጉ፣ ከማርሽ ሹካው ወይም ከካምቢዮው ውስጥ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ አለ። የትራንስፈሩ ዘንግ ወይም የመካከለኛው ዲፈረንሻል መቆለፊያ አልወጣ ብሎ ሲጣበቅ ሾፌሮች ብረት ይዘው ይመጣሉ። ብዙ ጊዜ የተሰበረ ነገር የለም። በዋልካ ጭቃ ላይ የተቆለፈ መቆለፊያ በአስፋልት ላይ ሳይከፈት ሲነዳ የፊትና የኋላ ዘንጎች ተጣጥፈው ይወጠራሉ፤ ዘንጉን የያዘው ይህ ውጥረት ነው። መኪናውን ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መንዳት፣ ወይም አንድ ወገን ጎማውን አፈር ላይ ማውጣት ይለቀዋል። ከእርሻ ማሳ ወጥታችሁ አስፋልት ስትይዙ መቆለፊያውን መክፈት ልማድ ይሁን።

ፍሪሲዮን ሲንሸራተት ምልክቱ ሌላ ነው፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይጎተትም፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። ይህ በመጀመሪያ የሚታየው በዳገት ነው፤ ከድልድዩ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ወይም ሲመለሱ ወደ ደጀን ሲወጣ። ደጀን ላይ ሳይወርዱ ለማወቅ በሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ይዛችሁ፣ ታኮ ጥላችሁ፣ ከፊት ሰው አስወግዳችሁ፣ አራተኛ ማርሽ አስገቡና ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ መጥፋት አለበት። መዞሩን ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ይህን ሙከራ አንድ ጊዜ ብቻ አድርጉት፤ መደጋገም ራሱ ፍሪሲዮን ይበላል።

ማርሽ ሲተፋ

ዋናው ትምህርት ይኸኛው ነው፤ ጊዜ ስጡት።

ማርሽ ተፋ ማለት የገባ ማርሽ ሾፌሩ ሳይነካው ወደ ፎሌ ወጣ ማለት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ዘንግ ተንቀሳቀሰ?» የሚል ነው። በኖራ ወይም በጠመኔ የዋናውን የማርሽ ዘንግና የትራንስፈሩን ዘንግ ቦታ ወለሉ ላይ ምልክት አድርጉ። ሲተፋ የትኛው ከምልክቱ እንደራቀ እዩ። ዋናው ዘንግ በቦታው ሆኖ ጉልበት ከጠፋና የትራንስፈሩ ዘንግ ወደ ፎሌ ከሄደ ካምቢዮው ምንም አልሆነም። ከሪዱታ የሚተፋ ትራንስፈር በተለይ አደገኛ ነው፤ ሪዱታ የሚገባው ጭነት ከባድ፣ ቁልቁለቱ ሹል ሲሆን ነውና። ማርሹ ገብቶ ሳለ መኪናው እንደ ፎሌ መሮጥ ይጀምራል።

ሁለተኛው ጥያቄ አንድ ማርሽ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም? አንዱ ብቻ ከሆነ የዚያ ማርሽ ጥርስ ተሸርሽሮ፣ ሹካው ተበልቶ ወይም ተጣሞ፣ ወይም ማርሹን በቦታው የሚይዘው ትንሽ የብረት ኳስና ሞላ ደክሞ ነው። ሁሉም የሚተፉ ከሆነ ደግሞ የሁሉም ጥርስ በአንድ ቀን አያልቅም፤ የጋራ ምክንያት ፈልጉ። የካምቢዮው ወይም የሞተሩ ማሰሪያ ብሎን ላልቶ ይሆናል፤ የዘንጉ ማገናኛ ልኩን ስቶ ማርሹ እስከ መጨረሻው አይገባ ይሆናል፤ ወይም የዋናው ዘንግ ኩሽኔታ ተበልቶ ዘንጉ ይወዛወዛል። ከእነዚህ ርካሹን አስቀድማችሁ እዩ፤ ብሎኖቹን በመፍቻ መፈተሽ አንድ ሰዓት አይፈጅም።

ማሰሪያ መላላቱን ለማወቅ በደልዳላ ሜዳ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ሂዱ፤ ነዳጅ ስጡና በድንገት እግራችሁን አንሡ። ጥቂት ጊዜ ድገሙት። የማርሽ ዘንጉ በእያንዳንዱ ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጉልህ ሆኖ ከተወረወረ ሳጥኑ ራሱ በቦታው አልተቀመጠም። ይኸው ሙከራ ሌላም ነገር ይነግራል፤ ነዳጅ ሲሰጥ የሚይዝና እግር ሲነሣ የሚተፋ ማርሽ ሜዳና ዳገት ላይ ደህና ይመስላል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ይከዳል። ቁልቁለት ማለት ያለ ማቋረጥ እግር የተነሣበት መንገድ ነው። አንዳንድ ሾፌር «ከቢቸና ደጀን ድረስ አንድም ጊዜ አልተፋብኝም» ሲል እውነቱን ነው፤ ያ መንገድ ግን ማርሹን ለዚህ አልፈተነውም።

የሚተፋን ማርሽ በገመድ፣ በጎማ ላስቲክ ወይም በእንጨት ደግፎ መንዳት የተለመደ ነው። ዘንጉን እንዲህ አስገድዶ መያዝ ሹካውን ከቀለበቱ ጋር ያፋጫል፤ ከጥቂት ጉዞ በኋላ ሞላ ብቻ የነበረው ብልሽት ሹካና ማርሽ ይሆናል። ከዚህም በላይ ላስቲኩ የሚይዘው ዘንጉን እንጂ ጥርሱን አይደለም። ተመሳሳይ ጉዳት የሚያመጣው እጅን በማርሽ ዘንግ ላይ አሳርፎ የመንዳት ልማድ ነው፤ ለዓመታት ሲቀጥል ሹካውን ይበላል።

ለመካኒክ የምትጠይቁት አንድ ነገር ይህ ነው፦ ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት የላይ ክዳኑ ይፈታ። በዚል 131ም ሆነ በኡራል 4320 ሹካዎቹ፣ ኳሶቹና ሞላዎቹ ከላይኛው ክዳን ጋር ናቸው፤ ክዳኑ ሲነሣ የማርሾቹ ጥርስም ከላይ ይታያል። ሞላ የተሰበረበት ካምቢዮ ወርዶ ሙሉ በሙሉ መፈታት የለበትም።

የጥርሱን ሁኔታ ስታዩ ጫፉ ቀጥ ያለ ነው ወይስ እንደ ተበላ ማጭድ ተንጋዷል? የተንጋደደ ጥርስ ሲወጠር ራሱን ወደ ውጭ ይገፋል። ሞላ መቀየር አያድነውም፤ ማርሹ መለወጥ አለበት።

ቁልቁለት ላይ ቢተፋስ? ወዲያው ፍሬን። ማርሹን ለመመለስ መታገል የመጀመሪያ ሥራ አይደለም፤ መኪናው በእያንዳንዱ ሰከንድ እየፈጠነ ስለሚሄድ ማርሹን የማስገባት ዕድል እየጠበበ ይመጣል። ፍሬኑ ገና ሳይግል፣ በሙሉ ኃይሉ ሳለ፣ መኪናውን ወደ ተራራው ጎን አስጠግቶ ማቆም። ሞተር አይጠፋም፤ የፍሬኑ አየር የሚሞላው በሞተሩ ነው። ረዳቱ ታኮ ይዞ ይውረድ። ከዚያ በኋላ ማርሹ ቆሞ ይገባል ወይም መኪናው ተጎትቶ ይሄዳል።

ሲጎተት አንድ ጥንቃቄ አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ጎማ ሲዞር የካምቢዮው የታች ዘንግ አይዞርም፤ ዘይት የሚረጨው ግን እሱ ነው። የላይኛው ዘንግ በደረቁ ይዞራል። ስለዚህ የሚጎተት ኡራል ወይም ዚል ትራንስፈሩ ፎሌ ላይ መሆን አለበት። ካምቢዮውን ብቻ ፎሌ አድርጎ ከዓባይ እስከ ደጀን ማስጎተት ደህና የነበረውን ኩሽኔታ ያቃጥላል።

ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ገና በአፋፉ ላይ፣ ማርሽ መያዝ አለበት። ከአፋፉ በኋላ ሲንክሮ ለሌለው ማርሽ ቦታ የለም። ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ መውረድ የሚባለው ነገር በናፍጣ መኪና ሒሳቡም ልክ አይደለም፤ በማርሽ ተይዞ፣ እግር ከነዳጅ ተነሥቶ ሲወረድ ፓምፑ ናፍጣውን ራሱ ይቆርጣል።

ሲሄድ የሚሰማ ድምፅ

ካምቢዮ ነው ወይስ ከኋላ? ድምፁ ከሞተር ፍጥነት ጋር ነው ወይስ ከመኪናው ፍጥነት ጋር የሚለወጠው? በደልዳላ መንገድ በመካከለኛ ፍጥነት ሂዱና ለአጭር ጊዜ ወደ ፎሌ አውጡ። (ይህ ሙከራ በቁልቁለት ፈጽሞ አይደረግም።) ሞተሩ ዝቅ ሲል ድምፁ ሳይለወጥ ከቀጠለ ከካርዳን፣ ከዲፈረንሻል ወይም ከጎማ ኩሽኔታ ነው።

ካምቢዮው ከሆነ ደግሞ ቀጥተኛውን ማርሽ ተጠቀሙ። ቀጥተኛ ማርሽ ማለት ጉልበቱ በታች ዘንግ ሳያልፍ በቀጥታ የሚሻገርበት ነው፤ በኡራል አራተኛ፣ በዚል 131 አምስተኛ ማርሽ ነው። በሌሎቹ የሚጮህና በቀጥተኛው ጸጥ የሚል ካምቢዮ የታች ዘንጉ ኩሽኔታ ወይም ማርሾች ተበልተዋል። ይህ የሚያስቆም ብልሽት አይደለም፤ ግን የወራት ጉዳይ ነው።

ሲነሣ «ቋ» የሚል ምት፣ ወይም ነዳጅ ሲሰጥና ሲነሣ የሚደገም ግጭት በአብዛኛው ክሮቸራ ነው። ሞተር አጥፍታችሁ፣ ታኮ ጥላችሁ፣ ካርዳኑን በሁለት እጅ ግራና ቀኝ አወዛውዙ። ክሮቸራው ላይ ክፍተት ከታየ መለወጥ ነው። ካርዳን ሲፈታ ሁለቱ ጫፎች በምን አቅጣጫ እንደነበሩ በቀለም ምልክት ይደረግ፤ ተዛብቶ የተገጠመ ካርዳን አዲስ መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ያኔም ካምቢዮው ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

ዘይቱ የሚናገረው

የካምቢዮውን ዘይት ከጉዞ በኋላ፣ ትኩስ ሳለ፣ ነጭ ሳሕን ላይ አፍስሱት። እንደ ዱቄት የላመ፣ በብርሃን የሚያብረቀርቅ ብረት በአሮጌ ካምቢዮ ይጠበቃል። በጣት የሚያዝ ፍንካች ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ተሰብሯል ማለት ስለሆነ መኪናው ይቁም። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ ወንዝ ከተሻገራችሁ በኋላ ይህን ማየት አትርሱ።

ዘይት ሲያፈስ ወዲያው የዘይት ማገቻ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት የመተንፈሻ ቀዳዳውን እዩ። ሳጥኑ ሲግል ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፤ መተንፈሻው በደረቀ ጭቃ ከተደፈነ አየሩ ዘይቱን በማገቻው በኩል ይገፋዋል። የእኛ ዋልካ ለዚህ የተመቸ ነው። በሽቦ ማጽዳት ምንም አያስከፍልም።

አሮጌ መኪና ልትገዙ ከሆነ ዘይቱን ሳታዩ አትክፈሉ። ጩኸት ለማፈን ከልክ በላይ ወፍራም ዘይት፣ ግራሶ አልፎ ተርፎም ሰጋቱራ የሚጨምር ሻጭ አለ። ካምቢዮው በዚያ ቀን ጸጥ ይላል። ስለዚህ መኪናው ጠዋት ሳይሞቅ ይነሣ፣ ዘይቱ ይቀዳ፣ ከዚያ ነው ስለ ዋጋ የሚነገረው።

የመስክ ልምምድ

ሠልጣኞች በሦስት ቡድን ተከፈሉ። የመጀመሪያው ቡድን ቆሞ የመስማት ሙከራውን ያደርጋል፤ ድምፁን «ፔዳል ሲረገጥ» እና «ፔዳል ሲለቀቅ» በሚሉ ሁለት ዓምዶች ይመዘግባል። ሁለተኛው ቡድን የሁለቱን ዘንጎች ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጎ ነዳጅ ሰጥቶ እግር የማንሣቱን ሙከራ በሜዳው ላይ ያካሂዳል።

ለሦስተኛው ቡድን የሚከተለው ጥያቄ ቀርቧል። የአንድ ማኅበር ኡራል 50 ኩንታል ጤፍ ጭኖ ቢቸና ቆሟል። ሾፌሩ እንዲህ ይላል፦ «በአንደኛ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ይጮሃል፤ በአራተኛ ጸጥ ይላል፤ ይህ ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሞጣ ስመጣ ደግሞ ሪዱታ አስገብቼ አንዲት አጭር ቁልቁለት ስወርድ በድንገት ለቀቀ፤ ዋናው ማርሽ ግን ሁለተኛ ላይ እንደ ነበረ ነው።» ነጋዴው ነገ አዲስ አበባ ላይ ይጠብቃል።

ቡድኑ ሦስት ነገር ይመልስ፦ ስንት ብልሽት አለ፣ እያንዳንዱስ በየትኛው ሳጥን ነው? ከሁለቱ የትኛው ሊጠብቅ ይችላል፣ የትኛው አይችልም? ጤፉ ነገ በዚህ መኪና ከደጀን ይውረድ ወይስ ወደ ሌላ መኪና ይዛወር? መልሱን ከነምክንያቱ በሰሌዳው ላይ ጻፉ፤ ሌሎቹ ቡድኖች ይከራከሩበታል።